ለቡሄ ሙልሙልን ከልጅ ጋራ ስለ መጋገር

ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን የሚውል፤ ጌታችን በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን የገለጸበት መታሰቢያ ነው። አባቶች እንደሚተርኩት፤ በዚያ ብርሃን ሌሊቱ ቀን መስሏቸው በሜዳ የቀሩትን እረኞች ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፈለጓቸው። ሙልሙል ለልጆች የሚታደል ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ሊጥ ሲቦካ ብዙ ጊዜ ልጁን «ሂድ፤ ታበላሸዋለህ» እያሉ ያርቁታል። እርሱም ሙልሙሉን ይበላል እንጂ አሠራሩንና ምክንያቱን አያውቅም። ስለዚህ ልጁ እጁን ታጥቦ ይቅረብ። የስንዴውን ዱቄት ይንፋ፤ እርሾውን ያቀብል፤ ጥቁር አዝሙድ ይጨምር፤ ሊጡ ኩፍ እስኪል መታገሥን ይማር። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነውና ወተትና ቅቤ የማይገባበትን ምክንያት ይነገረው። ከዚህ በኋላ በገዛ እጁ አንድ ሙልሙል ያበጅ፤ ምጣዱንና እሳቱን ግን ታላቅ ሰው ይጠብቅ።

ያችንም ሙልሙል ራሱ አይብላት፤ በቤቱ ላልተጋገረለት ጓደኛው ይስጣት። መስጠትን የሚማረው የደከመበትን ሲሰጥ ነውና።

መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ፤ ትምህርት ቤት ለክረምት ሳይዘጋ ይህን ለወላጆች ንገሩ። እርሾ ቢያልቅ ከጎረቤት ይለመናል፤ ከአያቱ ያልተማረውን ሙያ ግን ልጁ ነገ ከማን ይለምናል?