የቫይረስ ጂንና የሕዋስ በር

በሽታ ሁሉ ፍጥረትን ሁሉ አይዝም። ዶሮ የሚፈጀው ፈንግል በሬን አይገድልም፤ አንዱም ደዌ ደምን ሲጎዳ ሌላው አንጎልን ይጎዳል። ይህ ለምን ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ የሳይንስ ትምህርት ግልጽ መልስ ይሰጠዋል።

ቫይረስ ማለት በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ እጅግ ረቂቅ ነገር ነው። በውስጡ ጂን የሚባለው የውርስ ትእዛዝ አለ፤ በውጭው ደግሞ ፕሮቲን ያለበት ልብስ ለብሷል። ብቻውን መራባት ስለማይችል ወደ ሕያው ሕዋስ መግባት ግድ ይሆንበታል። ሕዋስ ግን እንደ ተቆለፈ ቤት ነው። በገጹ ላይ ለራሱ ሥራ ያቆማቸው ልዩ ልዩ በሮች አሉት፤ የቫይረሱም ፕሮቲን ከአንዱ በር ጋራ ሲስማማ እንደ መክፈቻ ሆኖ ያስገባዋል። የመክፈቻውን ቅርጽ የሚወስነው ጂን ነው።

ለምሳሌ የድመትን ሉኪሚያ ቫይረስ እንመልከት። ይህን ቫይረስ በ1964 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ አገር ዊልያም ጃሬትና ባልደረቦቻቸው አገኙት። «ኤ»፥ «ቢ»ና «ሲ» የሚባሉ ወገኖች ሲኖሩት፥ ከድመት ወደ ድመት የሚተላለፈው በተለይ «ኤ» ነው። በታመመችው ድመት ሰውነት ውስጥ የልብሱ ጂን ሲለወጥ «ሲ» ይገኛል። እርሱም የሚገባው ሄም የተባለውን ንጥረ ነገር ከሕዋስ በሚያወጣው በር ነው። በሩ በቫይረሱ ሲያዝ ቀይ የደም ሕዋሳት በመቅኔ ውስጥ እንደሚገባ አያድጉም፤ ድመቲቱም በብርቱ የደም ማነስ ትሞታለች። እነሆ፥ ጥቂት የጂን ለውጥ የበሽታውን መልክ ለወጠው።

ለአገራችን ይበልጥ የሚያሠጋው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቫይረሱ 5 ጂኖች ብቻ ሲኖሩት «ጂ» የሚባለው መክፈቻውን ይሠራል። በዚህም ከተነከሰው ሥጋ ወደ ነርቭ ገብቶ ወደ አንጎል ይጓዛል። ፕሮቲኑ የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ሲሆን በ333ኛው ስፍራ አርጂኒን የተባለው ይገኛል። ሊቃውንት ይህን አንዱን በሌላ በለወጡት ጊዜ ቫይረሱ ወደ አንዳንድ የነርቭ ሕዋሳት መግባት ተሳነው፤ ጎልማሳ አይጦችንም መግደል ተወ።

ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ብቻ አልቀረም። ሳግ2 የተባለው በአፍ የሚሰጥ የእንስሳት ክትባት በዚሁ መንገድ ተሠራ። ቫይረሱ ወደ ቀድሞ ባሕርዩ በቀላሉ እንዳይመለስ፥ በዚያ ስፍራ ከጂኑ ፊደላት ሁለቱ ተለውጠዋል። በባሌ ተራሮች በ2003ና በ2004 እ.ኤ.አ. ከውሾች የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቶ ነበር። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ይህ እንስሳ እንዳይጠፋ፥ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ተደብቆ ይሰጠው ጀመር።

በአታትና በአካባቢዋም ውሻ ግቢ ይጠብቃል፥ ድመት አይጥ ታድናለች፤ ሁለቱም ይህን በሽታ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ከተነከሰ በኋላ ሥር ምሶ፥ ቅጠል በጥሶ ቀን የሚያሳልፍ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ቫይረሱ አንጎል እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ የመዳን ጊዜ ነው። ክትባት በጊዜው ሲጀመር ሰውነት መክፈቻውን የሚይዙ ዘቦች ያዘጋጃልና፥ ቫይረሱ ወደ ነርቭ መግባት ይከለከላል። አንጎል ገብቶ ምልክቱ ከታየ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም።

ስለዚህ ወላጆቻችንና ጓደኞቻችን ሆይ፥ የተነከሰውን ቁስል ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እናጥበው፤ ሳንውል ሳናድርም ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ። ውሾቻችንንና ድመቶቻችንንም እናስከትብ። የጠላትን መክፈቻ ያወቀ ሰው በሩን አስቀድሞ ይዘጋል።