ኮምፒዩተራችን ደጋግሞ ሲያስጠነቅቀን

በየሩብ ዓመቱ የሥራ ክንውን ሪፖርት በሚላክበት ሰሞን ከመስክ ጽሕፈት ቤቶቻችን አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ «ነባሩ ኮምፒዩተር ድረ ገጽ በከፈትን ቁጥር የደኅንነት ሰርተፊኬቱ ትክክል አይደለም ይለናል፤ ምን እናድርግ?» የሚል ነው። ብዙዎቻችን ማስጠንቀቂያውን አልፎ መግባትን ልማድ አድርገነዋል። ይህ ልማድ ግን የይለፍ ቃላችንን፣ በእርሱም የሚከፈተውን የተረጂ ቤተሰቦች መዝገብ ለባዕድ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል።

ሰርተፊኬት ማኅተም እንዳለበት ደብዳቤ ነው። ድረ ገጹ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደመሰከረለት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚጸና ይገልጻል። ኮምፒዩተሩም ዘመኑን ከራሱ ቀን ጋር፣ መስካሪውን ደግሞ ከያዘው የታማኝ ሰጪዎች ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። ስለዚህ ምርመራችን በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሁን።

1ኛ/ ቀኑን እንመልከት። በእኛ ዘንድ አንዱ ስሕተት ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት ነው። በ2025 ፈንታ 2017 ቢሞላ ኮምፒዩተሩ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በቅርቡ የተሰጠውንም ሰርተፊኬት «ጊዜው ገና ነው» ብሎ አይቀበለውም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ የጠዋቱ 3 ሰዓት በኮምፒዩተሩ 9 ሰዓት ተብሎ ይሞላል። የሰዓት ክልሉም ናይሮቢ የተጻፈበት ይሁን።

2ኛ/ ያስተካከልነው ቀን መብራት ጠፍቶ ባደረ ቁጥር የሚዛባ ከሆነ፣ ሰዓቱን የሚያቆየው ሳንቲም መሰል ባትሪ ደክሟል ማለት ነው። በአብዛኛው ሲአር 2032 የተባለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው። ኮምፒዩተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅለን በተመሳሳዩ እንተካው።

3ኛ/ ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው በብዙ ድረ ገጾች ላይ ከቀጠለ፣ የታማኝ ሰጪዎቹ ዝርዝር አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 አብቅቷል። በሴፕቴምበር 2021 ደግሞ ብዙ ድረ ገጾች ይደገፉበት የነበረ አንድ ነባር ሥር ሰርተፊኬት ዘመኑ ስላለፈ፣ ያልታደሱ ኮምፒዩተሮች ተቸግረው ነበር። ያልተጫኑ ማሻሻያዎችን እንጫን። ፋየርፎክስ የራሱን ዝርዝር ስለሚይዝ፣ ኮምፒዩተሩ የሚቀበለውን የቅርብ ዕትም መጠቀም ይረዳል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ድጋፉ ያልተቋረጠ ሥርዓት መጫን ነው።

4ኛ/ ሌሎቹ ድረ ገጾች በደኅና ተከፍተው አንዱ ብቻ ካስጠነቀቀ፣ የይለፍ ቃል ከማስገባት እንቆጠብ። በሌላ ኮምፒዩተርና በሌላ የኢንተርኔት መስመር እንሞክረው፤ ማስጠንቀቂያው ካልተወገደ ለድረ ገጹ ኃላፊዎች እናስታውቅ።

ሪፖርቱ አንድ ቀን ቢዘገይ ይቅርታ ይጠየቅበታል። በመዝገባችን ያሉት ቤተሰቦች ግን ስማቸውንና ችግራቸውን የነገሩን አምነውን ነውና፣ አደራቸውን ለጥቂት ደቂቃ ጥድፊያ አንለውጠው።