ሳየው ይገባኛል፣ ስሞክረው ይጠፋብኛል

ጥያቄ፦ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ከዩቲዩብ እየተማርኩ ነው። ሳየው ይገባኛል፤ ብቻዬን ስሞክረው ይጠፋብኛል። ምን ዓይነት ቪዲዮ ልምረጥ?

መልስ፦ መጀመሪያ አጫጭሩን ይምረጡ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በኤዴክስ የኦንላይን ትምህርት መድረክ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምሮ፣ ተማሪዎች በአብዛኛው በአንድ ቪዲዮ ላይ ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆዩ አሳይቷል። ማጠሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ጥሩ አስተማሪ የት እንደሚጫን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚጫንም ይናገራል። የመተንተኛውን ሜኑ «አናላይዝ»ን ከፍቶ በቀጥታ ወደ ውጤቱ የሚሮጠውን ይለፉት። የተለዋዋጮች ዓይነት በሚሞላበት «ቫሪያብል ቪው» ላይ ረጋ ብሎ፣ ጾታ ለምን ኖሚናል (ቅደም ተከተል የሌለው ምድብ) እንደሚባል፣ በዓመት የተጠየቀ ዕድሜ ስኬል (በቁጥር የሚለካ) ሆኖ «ከ18 እስከ 25» ተብሎ የተጠየቀው ለምን ኦርዲናል (ቅደም ተከተል ያለው ምድብ) እንደሚሆን የሚያስረዳውን ይያዙ። የብዙ ተማሪ ስህተት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ከዚያ አንድ እርምጃ አይተው ያቁሙት፤ ወዲያው በራስዎ መጠይቅ መረጃ ይሥሩት። ሰፈር ሲመለሱ የሞባይል ዳታ እንዳይጨርስብዎ ቪዲዮውን ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ላይ ሳሉ አውርደው ያስቀምጡት።