ከቤተ መንግሥት እልፍኝ የወጣው ፔኪንጊዝ

ጥያቄ፦ ፔኪንጊዝ የተባለው ጸጉራም ትንሽ ውሻ ከየት መጣ? አውሮፓስ እንዴት ደረሰ?

መልስ፦ ፔኪንጊዝ ቻይናዊ ነው። ጎፈሩ አንበሳ ያስመስለዋል፤ በቤጂንግ ቤተ መንግሥትም ለዘመናት በእንክብካቤ ሲረባ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የዘረመል ጥናት ከጥንታዊዎቹ የውሻ ዝርያዎች ጎን መድቦታል።

አውሮፓ ያደረሰው ጦርነት ነው።

በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች የቤጂንግን የበጋ ቤተ መንግሥት ሲዘርፉ እነዚህን ውሾች አገኙ። ጆን ሃርት ደን የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን አንዷን ወስዶ ለንግሥት ቪክቶሪያ አበረከተ። ሉቲ ተባለች፤ በ1861 ፍሬድሪክ ካይል ሥዕሏን ሣላት፤ በ1872 ሞተች። በ1912 ከታይታኒክ መስጠም ከተረፉት ሦስት ውሾችም አንዱ ፔኪንጊዝ ነበር።

ይህን ውሻ ለማሳደግ ያሰበ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ፊቱ ጠፍጣፋ በመሆኑ ሙቀት ትንፋሹን ያሳጥረዋል። ስለዚህ በቀትር ፀሐይ አያውጡት።