የጠገራ ብር ደረጃ አሰጣጥ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከአያት የተረፈ ጠገራ ብር ወደ ባለሱቅ ሲመጣ ሻጩ አስቀድሞ የሚያሳየው የተቀረጸበትን 1780 የሚል ዓመት ነው። ይህ ዓመት ግን የብሩን ዕድሜ አያስረዳም። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ ብሩ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ ኋላም በሮማ፣ በለንደንና በቦምባይ ጭምር ሲመታ ኖሯል።

የቀድሞ ነጋዴ በዓመቱ አይታለልም ነበር። የራስ ጌጧ ዕንቁዎች፣ የትከሻዋ ጌጥና ከምስሏ በታች ያሉት ሁለት ፊደላት ጎልተው ካልታዩት ብሩን ይመልሰዋል። ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው።

የዛሬዎቹ የውጭ አገር መርማሪዎችም በዚሁ መንገድ የምስሉን መፋቅ እያዩ ከ1 እስከ 70 ደረጃ ይሰጣሉ። መለኪያው አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ለአገሩ የመዳብ ሳንቲሞች ካወጣው የተወሰደ ነው። ለአንገት ጌጥ የተበሳ ብር ሙሉ ደረጃ አያገኝም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ሻጩ ገዢን ደስ ላሰኝ ብሎ በአመድና በሎሚ የፈተገው ነው፤ በዕድሜ የያዘው ጠቆር ያለ መልክ ከጠፋ ሰብሳቢ የሚከፍልበት ዋጋ አብሮ ይጠፋል፤ የሚቀረው የብርነቱ ዋጋ ብቻ ነው።

ተራውን ማርያ ቴሬዛ ማስመርመር ብዙ ጊዜ ወጪውን አይመልስም። በፓሪስ የተመታውና 1887 ወይም 1889 ዓ.ም. የሚለው የምኒልክ ብር፣ ምስሉ ሳይፋቅ ከተገኘ ግን ሳይነካ ሊቀመጥ ይገባል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ላኪው አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቅ።