የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻን ከሊኑክስ ጋር ማገናኘት

የሙዚቃ ማጫወቻ ካርቶን ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሱት ዊንዶውስና ማክ ብቻ ናቸው። ይህን ያየ የሊኑክስ ተጠቃሚ ድራይቨር ፍለጋ ይነሣል፤ ድራይቨር ግን አያስፈልግም። መታወቅ ያለበት ማጫወቻው ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው፦ እንደ ፍላሽ፣ ኤምቲፒ በሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ ወይም በአይፖድ ዳታቤዝ። የሚከተለው መመሪያ ለኡቡንቱ ነው፤ የጂኖም ዴስክቶፕ ባላቸው ሌሎች ሊኑክሶችም ብዙም አይለይም።

1. ኬብሉን ይፈትሹ። ማጫወቻው ቻርጅ እያደረገ ኮምፒውተሩ ምንም ካላሳየ፣ ኬብሉ ዳታ የማያስተላልፍ ሊሆን ስለሚችል በሌላ ይቀይሩት።

2. እንደ ፍላሽ ያገናኙት። ይህ ቀላሉ መንገድ ነው። እንደ ሳንሳ ክሊፕ ባሉ ማጫወቻዎች ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ዩኤስቢ ሞድ» የሚል አለ፤ ኬብሉን ነቅለው «ኤምኤስሲ» የሚለውን ይምረጡና መልሰው ይሰኩት። ማጫወቻው በፋይል ማሳያው ጎን ይወጣል፤ ዘፈኖቹን «ሙዚክ» ወደሚለው ፎልደር ኮፒ ያድርጉ። ቀደም ሲል በኤምቲፒ የተጫኑ ዘፈኖች በዚህ ሞድ ላይታዩ ይችላሉ፤ ጠፍተዋል ማለት አይደለም።

3. ኤምቲፒ ብቻ ካለው፦ ኡቡንቱ ይህንንም ይከፍታል። ነገር ግን ኤምቲፒን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፕሮግራም ነው። የሙዚቃ ፕሮግራሙ ሪዝምቦክስ ክፍት ሆኖ የፋይል ማሳያው «መክፈት አልተቻለም» ካለ አንዱን ይዝጉ።

4. አይፖድ ከሆነ፦ በእጅ ኮፒ የተደረገ ዘፈን ቦታ ይይዛል እንጂ በአይፖዱ ዝርዝር ውስጥ አይወጣም፤ አይፖድ የሚያጫውተው በዳታቤዙ የተመዘገበውን ብቻ ነው። ለአይፖድ ክላሲክና ለቀደሙት ሞዴሎች ይህን ምዝገባ ሪዝምቦክስ ይሠራል። በማክ ፎርማት የተደረገ አይፖድ ግን ሊኑክስ ላይ ብዙውን ጊዜ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። በዊንዶውስ አይቱንስ «ሪስቶር» ሲደረግ ፋት32 ወደሚባለው የዲስክ ፎርማት ይለወጣል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድመው ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡት።

5. ፎርማቱን ያስተካክሉ። ማጫወቻው ፍላክ ወይም ኦግ የማይከፍት ከሆነ «ሳውንድ ኮንቨርተር» በሚባለው ፕሮግራም ወደ ኤምፒ3 ይቀይሩ።

6. የአማርኛ ስሞችን ያስተካክሉ። በ«ጥላሁን ገሠሠ» ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ከተደረደሩ ማጫወቻው የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው፤ ስሙን በላቲን ፊደል ከመጻፍ በቀር ከኮምፒውተሩ በኩል ብዙውን ጊዜ የሚደረግ ነገር የለም። የጥያቄ ምልክቶች ከመጡ ግን በአብዛኛው ጥፋቱ የታጉ፣ ማለትም በፋይሉ ውስጥ የተጻፈው የዘፈኑ መረጃ ነው። የኤምፒ3 ታግ ዓይነት የሆነው አይዲ3 በስሪት 1 ለርእስ 30 ቦታ ብቻ ይሰጣል፤ የግዕዝ ፊደልም አያውቅም። ስሪት 2.4ን ደግሞ አንዳንድ የቆዩ ማጫወቻዎች አያነቡትም። ስለዚህ «ኢዚታግ» በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ስሪት 2.3ንና ዩቲኤፍ-16ን መርጠው ታጎቹን እንደገና ያስቀምጡ። በፋይሉ ስም ላይ ግን ጥያቄ ምልክት ወይም የእንግሊዝኛ ሁለት ነጥብ አይጠቀሙ፤ ፋት32 አይቀበላቸውም።

7. የዘፈኖቹን ተራ ይጠብቁ። ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች ዘፈን የሚያጫውቱት በፊደል ተራ ሳይሆን ወደ ውስጥ በገባበት ቅደም ተከተል ነው። ፋይሎቹን 01፣ 02 እያሉ ይሰይሙና በተራ ያስገቡ፤ የገቡትን ደግሞ «ፋትሶርት» የሚባለው ፕሮግራም ያስተካክላቸዋል።

8. ሳያስወጡ አይንቀሉ። ኮፒው አለቀ ቢባልም የመጨረሻዎቹ ፋይሎች ገና በኮምፒውተሩ ሚሞሪ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። «ኢጀክት» የሚለውን ተጭነው «አሁን መንቀል ይቻላል» እስኪል ይታገሡ። ድንገት ተነቅሎ ከዚያ በኋላ መጻፍ ካልፈቀደ፣ «ዲስክስ» በሚባለው ፕሮግራም ማጫወቻውን መርጠው የፋይል ሥርዓቱን መጠገኛ ትእዛዝ ይስጡ። ከጥገናው በፊት ግን የሚከፈቱትን ዘፈኖች ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡ።

ገና ያልገዙ ከሆነ ላፕቶፕዎን ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱና ሻጩ ፊት ይሰኩት። ያለ ምንም ፕሮግራም እንደ ፍላሽ የተከፈተውን ይግዙ፤ ከላይ ካሉት ጣጣዎች ግማሹ አይነካዎትም።