አያታችን የማን ልጅ ነበሩ?

(ስለ ማደጎ፣ ስለ ነሰብና ስለ ውርስ)

ይህን ጽሁፍ እንዳቀርብ ያነሳሳኝ በገዛ ቤተሰቤ የደረሰ ጉዳይ ነው።

የእናቴ አባት በ2011 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። የተውት ንብረት መርካቶ አካባቢ ያለች አንዲት ቤት ነበረች። ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። ወራሾቻቸው ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው (እናቴና አክስቴ) እና አንድ ወንድማቸው ናቸው ብለን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት አመራን። ሒሳቡ ግልጽ ነው። ንብረቱ በ24 ሲከፈል ለሚስት አንድ ስምንተኛው 3፣ ለሁለቱ ሴቶች ልጆች ሁለት ሦስተኛው 16፣ የቀረው 5 ደግሞ ለቅርቡ የአባት ወገን፣ ማለትም ለወንድም ይሆናል።

ወንድማቸው የተባሉት አጎታችን ግን ቃዲው ፊት ቆመው "ወንድሜ ነው፤ ከአንድ ትሪ በልተን አድገናል። ነገር ግን ከአባቴ አብራክ አልተወለደም። እኔ ወራሹ አይደለሁም" አሉ። እናቴ ክው አለች። ሴት አያቴ ብቻ አንገታቸውን ደፉ፤ ያውቁ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን ከአገር በወጣ ሰሞን አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ወደ ወሎ ባቲ ገበያ ሲመላለሱ አንድ የቲም ሕፃን አግኝተው ይዘውት መጡ። ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጉት፣ ቁርኣን አስቀሩት፣ ዳሩት። የዚህ ሥራ ምንዳ አላህ ዘንድ ታላቅ ነው። የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፤ ልጁን በራሳቸው ስም አስጠሩት።

ሸሪዓችን የቲምን ማሳደግ አልከለከለም፤ እንዲያውም አጥብቆ ያዘዘው ጉዳይ ነው። የከለከለው ነሰቡን መለወጥ ነው። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ (ረ.ዐ.) በልጅነቱ ተማርኮ የተሸጠ ነበር። አባቱ ሊቤዠው መካ ድረስ ቢመጣም እርሱ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር መቅረትን መረጠ፤ ሰዉም "የሙሐመድ ልጅ ዘይድ" ይለው ጀመር። የሱረቱል አሕዛብ 4ኛና 5ኛ አንቀጾች ከወረዱ በኋላ ግን ወደ ወላጅ አባቱ ስም ተመለሰ። ፍቅሩ አልቀነሰም፤ የተመለሰው ስሙ ብቻ ነው። አባቱ ያልታወቀውም ቢሆን በዲን ወንድምነቱ ይጠራል እንጂ የሌላ አባት አይለጠፍበትም። ለማደጎ ልጁ ሀብት ማካፈል የሚፈልግ ሰው በሕይወቱ ሳለ በስጦታ፣ ወይም ከሲሶ በማይበልጥ ወሲያ መስጠት ይችላል።

የመንግሥት ሕግ በዚህ ይለያል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻን ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ ይቆጥረዋል። ሆኖም ያው ሕግ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ ይህን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ቃዲው እውነተኛውን ወራሽ ፈልጉ ብለው ቀጠሮ ሰጡን። በየት በኩል ይፈለጋል? ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወዲህ በውል የተደረገ ጉዲፈቻ የፍርድ ቤት ማጽደቂያ ስለሚያስፈልገው መዝገብ ሊገኝለት ይችላል። የአያታችን ከዚያ በፊት የሆነና በቃል ብቻ ያለቀ ነው። የልደት መዝገብም የለም፤ በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ገና ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነውና። በእጃችን የነበረው ሴት አያቴ ከባለቤታቸው የሰሙት ብቻ ነበር፤ የወላጅ አባታቸው ስም፣ ሸማኔ እንደነበሩ፣ በጀርባዋ የምታዝላቸው ታላቅ እህት እንደነበረቻቸው።

"የሞተን ሰው ምን አስቆፈራችሁ?" ያሉን ዘመዶች አልጠፉም። ምክራቸው ንጹህ አልነበረም። ሌላ ወራሽ ከጠፋ ያ 5 እጅ ለእናቴና ለአክስቴ ይመለሳልና። እናቴ "የሰው ሐቅ በልቼ አላህ ፊት አልቆምም" ብላ አፋቸውን አስያዘች።

አራት ጊዜ ባቲ ተመላለስን። በመካከሉ ኮሮና መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ድረስ ዘልቆ መንገዱን ዘጋው። ሰኞ ሰኞ ገበያው ላይ አረጋውያንን ጠየቅን፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላም አስነገርን። በ2015 ዓ.ም. የእህትየውን ልጆች አገኘን። እናታቸው ዕድሜዋን ሙሉ ከአዲስ አበባ የሚመጣን ነጋዴ ሁሉ ስለ ወንድሟ ትጠይቅ እንደነበር ነገሩን። የምትጠይቀው ግን በወላጅ አባቱ ስም ነበር። በዚያ ስም የሚጠራ ሰው መርካቶ ውስጥ አልነበረም፤ ማን ይንገራት?

ያረፈችው በ2013 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ፍለጋ የጠቀመን የመንግሥት ወረቀት ልጆቿ ያስቀመጡት የሞት ምስክር ወረቀት ብቻ ነበር፤ ከወንድሟ በኋላ መሞቷን አስረዳ። ሟች ሴቶች ልጆች ብቻ ሲኖሩት የአባትና የእናቱ ልጅ የሆነች እህት ቀሪውን ትወስዳለች። ስለዚህ 5ቱ እጅ የርሷ ሆኖ ወደ ልጆቿ አለፈ። ዝምድናውንና ሌላ ወንድም አለመኖሩን የመሰከሩት የቀዬው ሽማግሌዎች ናቸው። የፊቅህ ሊቃውንት በነሰብ ጉዳይ በሕዝብ ዘንድ በሰፊው በታወቀው መመስከር ይቻላል ይላሉ፤ ሰው ሲወለድ ቆሞ ያየ ጥቂት ነውና።

ቤቷን ሳንሸጥ የድርሻቸውን ግምት በሁለት ጊዜ ከፍለን ጨረስን። አጎታችንን ዛሬም አጎቴ እላቸዋለሁ፤ ገንዘቡን ለማድረስ ባቲ ስንሄድም አብረውን ሄደዋል። በቤቱ ካርታ ላይ ያለው የአያታችን የአባት ስም ግን ገና አልተስተካከለም፤ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አያይዘን ማመልከቻ አስገብተናል።